ሰሙ ታድሶ ወርቁ ሲጠፋ፦ የሳይ-ፋይ ክላሲኮችና የሪሜክ ክርክር

ጁን 25 ቀን 1982 ሁለት የሳይንስ ልብወለድ ፊልሞች በአንድ ቀን አሜሪካ ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። አንዱ የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ረነር» ነው። ሌላው የጆን ካርፐንተር «ዘ ቲንግ»። ሁለቱም አልቀናቸውም። ተመልካቹ ከሁለት ሳምንት በፊት በወጣው በስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ፍቅር ተይዞ ነበር። ከሌላ ዓለም የመጣ የዋህ ፍጡር አይቶ እያለቀሰ የወጣ ሰው፣ ሰው ገላ ውስጥ ገብቶ ሰውን መስሎ የሚኖር ጭራቅ ለማየት ልቡ አልፈቀደም። ሃያሲዎችም «ዘ ቲንግ»ን ክፉኛ ወረፉት። አስጸያፊ ነው ተባለ። ነፍስ የለውም ተባለ።

ዛሬ ያው ፊልም ከምንጊዜም ምርጥ አስፈሪ ፊልሞች ተርታ ይጠራል። አዲስ የሪሜክ (የድሮ ፊልምን እንደገና የመሥራት) ዜና በተሰማ ቁጥር ደግሞ የድሮ ፊልም አፍቃሪዎች «ክላሲክ አይነካም!» ብለው ሲነሱ፣ ቀድመው ከሚጠሯቸው ስሞች አንዱ እሱ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «ዘ ቲንግ» ራሱ ሪሜክ ነውና።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በ1938 ነው። ጆን ካምቤል የተባለ ደራሲ በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ ስለተገኘ እንግዳ ፍጡር አጭር ልብወለድ ጻፈ። ፍጡሩ የነካውን ሁሉ መስሎ መገኘት ይችላል። ሰውም ሆነ ውሻ አይቀረውም። በ1951 ሆሊውድ ይህን ታሪክ ወስዶ «ዘ ቲንግ ፍሮም አናዘር ወርልድ» የሚል ፊልም ሠራበት። ቦታውን ወደ ሰሜን ዋልታ አዞረው። መምሰሉንም አወጣው። በ1951ዱ ፊልም ጭራቁ ከሩቅ የሚታወቅ ግዙፍ ሰው መሳይ ነገር ነው። ወታደሮቹ ይተባበራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ በመጨረሻም ያሸንፋሉ። ቀዝቃዛው ጦርነት የጋመበት ጊዜ ነው። ጠላት ውጭ ነው፣ እኛ አንድ ነን።

ካርፐንተር ይህን የ1951 ፊልም ይወደው ነበር። በ1978 በሠራው «ሃሎዊን» ውስጥ ልጆች በቴሌቪዥን የሚያዩት ፊልም እሱ ነው። የራሱን ሥሪት ሲያዘጋጅ ግን የሚወደውን ፊልም አልገለበጠም። አልፎት ወደ 1938ቱ ጽሑፍ ሄደ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ። መምሰሉን መለሰው። በዚያም ታሪኩ ተገለበጠ። አሁን ጠላት ውጭ የለም። አጠገብህ ከተቀመጠው አንዱ ነው። ምናልባት አንተው ነህ። አሥራ ሁለት ወንዶች በረዶ መሀል ተዘግተው አንዱ ሌላውን ማመን ያቅተዋል። ፊልሙ ሲያልቅ ሁለት ሰዎች በሚነድ ካምፕ ፊት ቁጭ ብለው ይተያያሉ። ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ታዲያ ከሁለቱ የቱ ይሻላል? ይህ ጥያቄ ብዙ ሰዓት ያጨቃጭቃል። እኔም ተጨቃጭቄበታለሁ። አሁን ግን ጥያቄው ራሱ የሚያደናግር ይመስለኛል።

በአማርኛ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለን። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው። ወርቁ ውስጡ ነው። ጥሩ የሳይንስ ልብወለድም እንዲሁ ነው። የጠፈር መርከቡ፣ ጭራቁ፣ ሮቦቱ ሰም ናቸው። ወርቁ ያ ዘመን ጮክ ብሎ ሊናገረው ያልደፈረው ፍርሃት ነው። ሪሜክ የሚሠራ ሰው ሰሙን ከድሮው ፊልም ሊበደር ይችላል። ወርቁን ግን ከራሱ ዘመን ቆፍሮ ማውጣት አለበት። ክርክሩ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። አራት ጊዜ ተሠርቷል።

ጃክ ፊኒ በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ልብወለድ ጻፈ። ከጠፈር የመጡ ዘሮች በአንዲት ትንሽ ከተማ ያርፋሉ። ሰው ሲተኛ እሱን ቁርጥ የሚመስል ሌላ ሰው ከትልልቅ ፍሬዎች ውስጥ ይበቅላል። መልኩ ያው ነው። ትዝታው ያው ነው። ስሜት ብቻ የለውም። ዶን ሲገል በ1956 «ኢንቬዥን ኦፍ ዘ ቦዲ ስናቸርስ» ብሎ ሠራው። ሰዎች እስከዛሬ ይከራከሩበታል። አንዱ «ኮሚኒስቶች ሰርገው ገቡ የሚለው ፍርሃት ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ኮሚኒስት አሳድዳለሁ ብሎ ሁሉንም አንድ ዓይነት ያደረገው የአሜሪካው ሴናተር የማካርቲ ዘመን ነው» ይላል። ሁለቱም ከፊልሙ ማስረጃ ያገኛሉ። ይህ የፊልሙ ድክመት አይደለም። ወርቁ በሁለት በኩል የሚነበብ ሆኖ ነው።

ሲገል ፊልሙን ለመጨረስ ያሰበው ጀግናው አውራ ጎዳና መሀል ቆሞ ለሚያልፉ መኪኖች ሲጮህ በማሳየት ነበር። ማንም አይሰማውም። ስቱዲዮው ይህን ፈራ። ከፊትና ከኋላ ሌላ ትዕይንት ቀጥሎበት የተስፋ ጭላንጭል ጨመረ። ስለዚህ «ኦሪጂናሉ» ብለን የምንከራከርለት ፊልም ራሱ ዳይሬክተሩ ያሰበው አይደለም።

በ1978 ፊሊፕ ካውፍማን ያንኑ ታሪክ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወሰደው። ይህ ለውጥ ትንሽ ይመስላል። ግን ሁሉን ነገር ቀየረው። በትንሽ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል። አንድ ሰው ሲለወጥ ወዲያው ይታወቃል። በትልቅ ከተማ ጎረቤትህ ድሮም አያናግርህም። ተለውጦ ይሁን ሁልጊዜም እንዲያ ይሁን በምን ታውቃለህ? ካውፍማን በ1970ዎቹ የነበረውን «ራስህን ፈልግ» የሚል የሥነ ልቦና ሞድም አስገባ። ሌናርድ ኒሞይ የሚጫወተው ታዋቂ የሥነ አእምሮ ሐኪም የሰዎችን ድንጋጤ በለስላሳ ቃል ያስታግሳል። ሁሉም ነገር ከግንኙነት ችግር የመጣ ነው ይላል። የሰው ልጅ እየጠፋ እያለ እሱ ምክር ይሰጣል። የፊልሙ መጨረሻ ደግሞ ምንም ተስፋ የለውም። ዶናልድ ሳዘርላንድ ጣቱን ቀስሮ የሚጮኸው ያ ጩኸት ካየሁት ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም።

በ1993 አቤል ፌራራ ታሪኩን ወደ ወታደራዊ ካምፕ አስገባው። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ በሚለብስበት፣ ሁሉም እኩል በሚረግጥበት ቦታ ማን እንደተለወጠ እንዴት ይለያል? አሪፍ ሐሳብ ነው። ፊልሙ የሚገባውን ያህል አልታየም።

የ2007ቱ «ዘ ኢንቬዥን» ኒኮል ኪድማንንና ዳንኤል ክሬግን ይዞ መጣ። ስቱዲዮው በመጀመሪያው ሥሪት አልረካምና ሌሎች ጸሐፊዎችና ሌላ ዳይሬክተር አስገብቶ ብዙ ትዕይንት እንደገና አስቀረጸ። ውስጡ አንድ ጥሩ ጥያቄ አለ። ሰው ስሜት ባይኖረው ጦርነት ይቆም ነበር ወይ? ፊልሙ ይህን ያነሳና ወዲያው በመኪና ግርግር ይሸፍነዋል። ጥያቄው እንደተንጠለጠለ ቀረ።

አራት ፊልም፣ አንድ ሰም። ወርቁ ግን በየጊዜው ሌላ ነው። የፖለቲካ ፍርሃት፣ የከተማ ብቸኝነት፣ የዩኒፎርም ዓለም። አራተኛው ወርቁን አግኝቶ ጣለው። እነዚህን አራቱን በተከታታይ ያየ ሰው «ሪሜክ ሁሉ መጥፎ ነው» ለማለት አንደበቱ ይከብደዋል። «ሪሜክ ምንም ጉዳት የለውም» ለማለትም እንዲሁ።

የዴቪድ ክሮነንበርግ «ዘ ፍላይ» ሌላው ምስክር ነው። በ1958 የተሠራው የመጀመሪያው ፊልም ላይ አንድ ሳይንቲስት ዕቃን ከቦታ ቦታ የሚያስተላልፍ ማሽን ይሠራል። ራሱን ሲያስተላልፍ ዝንብ አብራው ትገባለች። ሲወጣ ጭንቅላቱና አንድ እጁ የዝንብ ሆኗል። ለውጡ በአንድ ቅጽበት ያልቃል። ክሮነንበርግ በ1986 አንድ ነገር ብቻ ቀየረ ማለት ይቻላል። ለውጡን ቀስ አደረገው። ጄፍ ጎልድብለም ከማሽኑ ሲወጣ ጤነኛ ነው። እንዲያውም በርትቷል። ከዚያ ቆዳው ይበላሻል። ጥፍሩ ይነቀላል። ጥርሱ ይወልቃል። የምትወደው ሴት አጠገቡ ሆና ታያለች። ምንም ማድረግ አትችልም።

ኤድስ ብዙ ሰው እየገደለ በነበረበት ዓመት ተመልካቹ ይህን ከዚያ ጋር አገናኘው። ክሮነንበርግ ራሱ ግን ከዚያ ሰፋ አድርጎ ነው ያየው። እርጅና፣ በሽታ፣ የሚወዱት ሰው ገላ ዓይን እያየ ሲፈርስ። የታመመ ሰው ያስታመመ ሁሉ ይህን ፊልም ያውቀዋል፣ አይቶትም ባያውቅ። ፊልሙ በሜካፕ ኦስካር አግኝቷል። ሰው ያስታወሰው ግን በሜካፑ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ወደቁት እንምጣ። በዚህ በኩል የድሮ ፊልም አፍቃሪዎች ቅሬታ እውነት አለው። የፖል ቨርሆቨን «ሮቦኮፕ» በ1987 ሲወጣ ከጭካኔው የተነሳ ለአዋቂም የሚከብድ ተብሎ በጣም ጥብቅ ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። ደረጃው እስኪቀነስለት ደጋግሞ ተቆረጠ። ጭካኔው ግን ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። ከተማን እንደ ሸቀጥ የሚገዛ ኩባንያ የሰውን ገላ እንዴት እንደሚያይ የሚናገር ነበር። የ2014ቱ ሪሜክ ለወጣቶች እንዲሆን ተደርጎ ለስልሶ መጣ። ደሙ ሲቀንስ ቁጣውም አብሮ ቀነሰ።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የ2014ቱ ዳይሬክተር ብራዚላዊው ጆዜ ፓዲሊያ የራሱ ወርቅ ነበረው። ፊልሙ ሲጀምር የአሜሪካ ሮቦቶች ቴህራን ጎዳና ላይ ሰው ሲፈትሹ እናያለን። መግደልን ለማሽን ስንሰጥ ተጠያቂው ማን ነው? ይህ የድሮው ፊልም ያላነሳው ጥያቄ ነው። ዛሬ ደግሞ ከ2014 ይልቅ የበለጠ ያሳስባል። ያ የመክፈቻ ትዕይንት ለብቻው አንድ ፊልም ይወጣው ነበር። የተቀረው ክፍል ግን የድሮውን ስም የመሸከም ግዴታ ነበረበት። ስሙ ከበደው።

የቨርሆቨን ሌላ ፊልም «ቶታል ሪኮል»ም በ2012 ተመልሶ ተሠራ። የ1990ው ጀግናውን ማርስ ወስዶ ነበር። አዲሱ ማርስን ተወው። የምናየው ሕልም ነው ወይስ እውነት የሚለው ጥያቄ ስሙ አለ፣ ሩጫው ግን ለማሰብ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ፊልም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ወርቅ መቀየር ብቻውንም አይበቃም። በ1951 የወጣው «ዘ ደይ ዘ ኧርዝ ስቱድ ስቲል» የአቶም ቦምብ ዘመን ፊልም ነው። ከጠፈር የመጣ መልእክተኛ ግጭታችሁን ወደ ሌላ ዓለም ካሻገራችሁ ትጠፋላችሁ ብሎ አስጠንቅቆ ይሄዳል። ውሳኔውን ለእኛ ትቶ ነው የሚሄደው። በ2008 ኪያኑ ሪቭስ የተጫወተበት ሪሜክ ፍርሃቱን ወደ አካባቢ ጥፋት አዞረ። ትክክለኛ ምርጫ ነበር። የሰው ልጅ ምድርን እየገደለ ነው፣ ምድርን ለማዳን ሰውን ማጥፋት ያስፈልጋል ይላል እንግዳው። ከዚያ አንዲት ሴትና የእንጀራ ልጇ ሲያለቅሱ ያይና ልቡ ይራራል። ስለ ደኑ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ አየሩ ምን እንደምናደርግ ማንም አልመለሰም። ከባድ ክስ ተነበበ፣ ፍርዱ በዕንባ ተዘጋ።

ስለ ኢፌክት የሚደረገው ጭቅጭቅ ደግሞ ለብቻው ይቆማል። «የድሮው በእጅ የተሠራ ነው፣ ያዲሱ የኮምፒውተር ነው» ይባላል። የ1982ቱን «ዘ ቲንግ» ጭራቆች የሠራው ሮብ ቦቲን ሥራውን ሲጀምር ገና የ22 ዓመት ገደማ ወጣት ነበር። ላስቲክ፣ ጄል፣ ገመድና ሞተር ይዞ የሠራው ዛሬም ያስደነግጣል። በ2011 የዚያ ፊልም ቅድመ ታሪክ ሲሠራ ባለሙያዎች እንደዚያው በእጅ የሚንቀሳቀሱ ጭራቆች ሠርተው ነበር። ፊልሙ ሲጠናቀቅ አብዛኞቹ በኮምፒውተር ምስል ተሸፈኑ። አፍቃሪዎች ይህን ሲሰሙ አዘኑ። ከባለሙያዎቹ አንዱ በኋላ ከአፍቃሪዎች ገንዘብ አሰባስቦ በእጅ የተሠሩ ጭራቆች የሞሉበት የራሱን ፊልም ሠራ። ሰው ከኪሱ አውጥቶ ድሮ እንደሚወደው ዓይነት ፊልም አሠራ ማለት ነው። ይህ ፍቅር ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም የኢፌክቱ ክርክር ሩቅ አይወስድም። «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ»ን እንይ። የ1968ቱ ፊልም በዝንጀሮ ሜካፑ ልዩ ኦስካር አግኝቷል። በ2001 ቲም በርተን ሲሠራው ሜካፑን የያዘው ሪክ ቤከር ነበር። በሙያው እሱን የሚያህል ጥቂት ነው። ሥራውም ድንቅ ነበር። ፊልሙ ግን በአፍቃሪዎች ልብ አልቀረም። በ2011 እንደ አዲስ የተጀመረው ተከታታይ ደግሞ ጭምብል የለውም። አንዲ ሰርኪስ የተጫወተውን በኮምፒውተር ዝንጀሮ አደረጉት። ሰው ግን ያን ቄሳር የተባለ ዝንጀሮ ወደደው፣ አዘነለት። በእጅ የተሠራው ተረሳ፣ በኮምፒውተር የተሠራው ነፍስ ዘራ። ልዩነቱ ታሪኩ ላይ ነበር። የ2011ዱ ፊልም ነገሩን ከዝንጀሮው በኩል ጀመረው። ላቦራቶሪ ውስጥ ተወልዶ፣ ሰው ቤት አድጎ፣ በረት የተጣለ ልጅ። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተር መሆኑን ማን ያስታውሳል?

ከሁሉ ግን ልቤን የሚነካው የጎድዚላ ጉዞ ነው።

ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ ቢኪኒ በተባለ ደሴት ከባድ የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። 23 ሰዎች የያዘች አንዲት የጃፓን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ራቅ ብላ ነበር። መርዛማው አመድ ላያቸው ላይ ዘነበ። በሴፕቴምበር ከመርከበኞቹ አንዱ ሞተ። በኖቬምበር ደግሞ የኢሺሮ ሆንዳ «ጎድዚላ» ወጣ። ፊልሙ የሚጀምረው በባሕር ላይ ባለች መርከብ ነው። ድንገት ብርሃን ይበራል። መርከበኞቹ ይጠፋሉ። የጃፓን ተመልካች ይህ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አላስፈለገውም።

በ1956 ይህ ፊልም ወደ አሜሪካ ሲገባ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በመሀል ተጨምሮበት ነበር። ከጃፓኑ ሥሪት ብዙ ነገር ተቆረጠ። ስለ ቦምቡ የሚናገረውም ተሳሳ። ሰሙ ድንበር ተሻገረ፣ ወርቁ ጉምሩክ ላይ ቀረ። አሜሪካውያን የጃፓኑን ሙሉ ሥሪት በሲኒማ በስፋት ያገኙት በ2004 ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ብዙ ሰው ጎድዚላን በጎማ ልብስ የተሸፈነ የልጆች ጨዋታ አድርጎ ያየው አለምክንያት አይደለም።

በ1998 ሆሊውድ የራሱን ጎድዚላ ሠራ። ግዙፍ እንሽላሊት ኒው ዮርክ ውስጥ ይሮጣል። እንቁላል ይጥላል። ጥፋቱን ለፈረንሳይ የኑክሌር ሙከራ ሰጡት። አፍቃሪዎች ተቆጡ። ባለቤቱ የጃፓን ስቱዲዮ ቶሆ ራሱ ያንን ፍጡር በኋላ «ዚላ» ብቻ ብሎ መዘገበው። ከስሙ ላይ አምላክ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ቆርጦ ጣለ። እንዲህ ያለ ትችት በመጽሔት ላይ ከተጻፈ ሺህ ገጽ ይበልጣል።

ከዚያ በ2016 ሂዴአኪ አኖ «ሺን ጎድዚላ»ን አመጣ። ማርች 2011 ጃፓንን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሱናሚና የፉኩሺማ የኑክሌር አደጋ ገና ትኩስ ቁስል ነው። የፊልሙ ግማሹ ስብሰባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጭራቁ ወንዝ ይዞ እየወጣ ባለሥልጣናቱ የትኛው አዳራሽ እንሰብሰብ፣ ማን ይፈርም ይላሉ። በጎድዚላ ፊልም ውስጥ እስካሁን ያስፈራኝ ትዕይንት ያ የስብሰባ ጠረጴዛ ነው።

በ2023 ደግሞ ታካሺ ያማዛኪ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን»ን ሠራ። ታሪኩን ከ1954 በፊት፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወዳለው ፍርስራሽ መለሰው። ጀግናው ራሱን ለማጥፋት ታዝዞ ያልሞተ አብራሪ ነው። በሕይወት መትረፉ ያሳፍረዋል። ዳይሬክተሩ ራሱ በተናገረው መሠረት በጀቱ 15 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም። ለትልልቅ የሆሊውድ ፊልሞች ይህ ጥቂት ነው። በማርች 2024 ግን ከሆሊውድ ባለ ብዙ ገንዘብ ፊልሞች ጋር ተወዳድሮ በቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ወሰደ። ሰባ ዓመት ሙሉ ያ ጭራቅ ይሞታል፣ ይነሳል። አዲስ ፍርሃት ሲያገኝ ብቻ ነው እውነተኛ ሆኖ የሚነሳው።

አንዳንዴ ሪሜክ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ቦታ ስለጠበበው ነው። «ዱን» ሰፊ መጽሐፍ ነው። በ1984 ዴቪድ ሊንች ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ውስጥ እንዲያስገባው ተደርጎ ታነቀ። ዴኒ ቪልነቭ በ2021 እና በ2024 ለሁለት ከፍሎ ሠራው፣ እያንዳንዱም ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ተነፈሰ። በዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለኝም።

አንዳንዴ ደግሞ ወርቁ ማንም ሳይነካው ይቀመጣል። ሄርበርት ጆርጅ ዌልስ በ1898 «የዓለማት ጦርነት»ን ሲጽፍ እንግሊዝ ዓለምን የምትገዛበት ዘመን ነበር። መጽሐፉ ገና ከመጀመሪያው የማርስ ሰዎችን ከመኮነናችን በፊት እኛ አውሮፓውያን በታዝማኒያ ሰዎች ላይ ያደረስነውን እናስታውስ ይላል። በሌላው ላይ ያደረስኸው ባንተ ላይ ቢመጣስ? ወርቁ ይህ ነው። የ1953ቱ ፊልም ወደ ካሊፎርኒያ ወስዶ የቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃት አደረገው። የ2005ቱ የስፒልበርግ ፊልም አቧራ ለብሰው የሚሮጡ ሰዎችንና የጠፉ ዘመዶች ፎቶ የተለጠፈበትን ግድግዳ አሳየን። የሴፕቴምበር 11 ሐዘን ነበር። ሁለቱም የራሳቸውን ዘመን ተናግረዋል። የዌልስን ክስ ግን ያነሳው የለም። ያንን ክስ የተከሰሱት ሳይሆኑ የተበደሉት ሰዎች ልጆች ቢሠሩት እንዴት ያለ ፊልም ይወጣው ነበር! ለዚያ ሪሜክ ትኬት ለመቁረጥ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን አንድ ነገር ይፈልጋል። ሁለቱም ፊልሞች መታየት አለባቸው። ማወዳደር የሚቻለው አሮጌውም አዲሱም ካለ ብቻ ነው። «አዲሱን ካልወደድከው አትየው፣ የድሮው አለልህ» የሚለው መልስ የሚሠራው የድሮው በእርግጥ ካለ ነው።

ሁልጊዜ የለም። በ1931 ፓራማውንት «ዶክተር ጄኪል ኤንድ ሚስተር ሃይድ»ን ሠራ። መድኃኒት ቀምሞ ራሱን ለሁለት የከፈለው ሐኪም ታሪክ ነው። ፍሬድሪክ ማርች በዚህ ፊልም ኦስካር አገኘ። ከአሥር ዓመት በኋላ ኤምጂኤም የተባለው ስቱዲዮ በስፔንሰር ትሬሲ ሪሜኩን ሊያወጣ ሲል የድሮውን መብት ገዛ። የገዛው ሊያሳየው አልነበረም። ሰው ሁለቱን እንዳያወዳድር ከገበያ አነሳው። ፊልሙ ለአሥርተ ዓመታት እንደልብ የማይገኝ ሆነ። ዛሬ ተመልሷል። ብዙዎችም ከሪሜኩ የተሻለ ነው ይላሉ። ይህ ነው ሪሜክ ኦሪጂናሉን ገደለ የሚባለው።

የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» በ1927 በርሊን ላይ ከታየ በኋላ ለገበያ እንዲመች ተቆርጦ ሩቡ ገደማ ጠፋ። ሰው እስከወዲያኛው የጠፋ መስሎት ነበር። በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ በአንድ የፊልም ሙዚየም ረጅሙ ቅጂ ተገኘ። ምስሉ ክፉኛ ተቧጭሯል። በ2010 ታድሶ ሲታይ የገባው ክፍል ጭረት እስከዛሬ ይታወቃል። እኔ ያ ጭረት ያስደስተኛል። የት እንደነበረ ይናገራልና።

በዘመናችን ደግሞ ጠፋ የሚባለው ፊልም በዓለም በጣም ከታወቁት አንዱ ነው። «ስታር ዋርስ» በ1977 ወጣ። በ1997 ጆርጅ ሉካስ አድሶ አወጣው። አዲስ ፍጡራን ጨመረ። አዲስ ትዕይንት ጨመረ። ከፊልሙ ጀግኖች አንዱ የሆነው ሃን ሶሎ ሊይዘው የመጣውን አዳኝ ጠረጴዛ ላይ ቀድሞ በጥይት የሚመታበትን ትዕይንት ለውጦ አዳኙ ቀድሞ እንዲተኩስ አደረገ። ሃን በ1977 ለራሱ ብቻ የሚያስብ ሰው ነበር። በኋላ ለጓደኞቹ ሲመለስ ልባችን የሚሞላው ለዚህ ነው። መጀመሪያውን ካጸዳኸው መመለሱ ምን ክብደት ይኖረዋል?

ሉካስ የራሱን ሥራ መለወጡን አልከለክለውም። ሠዓሊ ሸራውን ቢደግም መብቱ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ በጥሩ ጥራት የሚሸጠው የተለወጠው ብቻ መሆኑ ነው። በ2006 የ1977ቱ ሥሪት በዲቪዲ እንደ ተጨማሪ ሲወጣ እንኳ ጥራቱ የወረደ ነበር። አፍቃሪዎች ያረጁ የሲኒማ ጥቅልሎች ፈልገው፣ ፍሬም በፍሬም ስካን አድርገው፣ ቆሻሻውን አጽድተው በራሳቸው ጊዜ አዳኑት። ይህን ያደረጉት ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። አዲስ ፊልም በወጣ ቁጥር ከሚሰማው ጩኸት ሁሉ እኔ የምሰማው ይህን ዝምተኛ ሥራ ነው።

በጁን 2025 የብሪታንያ የፊልም ተቋም ለንደን ውስጥ ባዘጋጀው ፌስቲቫል የ1977ቱን ኦሪጂናል ጥቅልል ከመጋዘን አውጥቶ ለተመልካች አሳየ። ምንም አልተጨመረበትም። ሃን ሶሎ ቀድሞ ተኮሰ። ከ1997 በኋላ ተወልዶ በዚያ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ከነበረ፣ በዕድሜ የሚበልጠውን ፊልም ያየው እንደ አዲስ ፊልም ነው።